ከለገሃር እስከ ከዚራ፦ የቆመው ባቡር ሰዓቶች

የድሮውን ሐዲድ ተከትሎ ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ መውረድ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የፍጥነት መንገዱን ይተው። ሐዲዱ የሚወርደው ከአሮጌው መንገድ ብዙም ሳይርቅ ነው፤ አቃቂን፣ ዱከምን፣ ቢሾፍቱን፣ ሞጆን፣ አዳማን እየነካ። እኔ መኪና ይዤ ሁለት ቀን መድቤ ወጣሁ። በአንድ ቀን መድረስ አያቅትም፤ ግን እንዲያ ከሆነ ጣቢያዎቹ በመስኮት ብቻ ያልፋሉ።

መነሻው ለገሃር ነው። በ1929 እ.ኤ.አ. የተመረቀው የጣቢያ ሕንፃ ዛሬም በቸርችል ጎዳና ግርጌ ቆሟል። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነስቶ በ1902 እ.ኤ.አ. ድሬዳዋ፣ በ1917 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ደረሰ። ጠቅላላው ርዝመት 784 ኪሎ ሜትር ሲሆን ከዚህ ውስጥ ከድሬዳዋ እስከ ጅቡቲ ያለው 311 ያህሉን ይይዛል። ስለዚህ ከለገሃር ድሬዳዋ 473 ኪሎ ሜትር ነው ማለት ነው። ይህን ቁጥር መያዝ ይጠቅማል፤ የጉዞውን ሰዓት ያለ እሱ ማመዛዘን አይቻልም።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከጅቡቲ አዲስ አበባ ሦስት ቀን ይፈጅ ነበር። ባቡሩ ሌሊት አይሄድም። አንደኛው አዳር ድሬዳዋ፣ ሁለተኛው አዋሽ። ሦስት ቀን ሲባል ሰው ሞተሩ ደካማ ስለነበረ ይመስለዋል። ሐዲዱን እየተከተሉ ሲሄዱ ግን ሰዓቱን የሚበላው መሬቱ እንደሆነ በዓይን ይታያል።

ለገሃር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ነው። አዋሽ ሰባት የሚባለው የአዋሽ ከተማ ከ1,000 ሜትር በታች ነው። ወደ 230 ኪሎ ሜትር በሚሆን ርቀት ውስጥ ከ1,300 ሜትር በላይ መውረድ አለ፤ ለሚመለሰው ደግሞ ያንኑ ያህል መውጣት። ስለዚህ ሲወርድና ሲወጣ የሚፈጀው ጊዜ እኩል ሊሆን አይችልም። ዳገቱን የሚወጣ ባቡር የፉርጎውን ብዛት ይቀንሳል ወይም እያዘገመ ይወጣል። በቁልቁለቱ በኩል ደግሞ የሚያስፈራው ፍሬን ነው። ሐዲዱ አንድ ሜትር ስፋት ያለው ጠባብ ሐዲድ ስለሆነ ኩርባዎቹም ጠበብ ያሉ ናቸው፤ ኩርባ በመጣ ቁጥር ፍጥነት ይቀነሳል።

ከዚህ ላይ የነጠላ መስመር ችግር አለ። ሁለት ባቡር የሚተላለፈው ጣቢያ ላይ ብቻ ነው። ከፊት የሚመጣው ከዘገየ ይሄኛውም ቆሞ ይጠብቃል፤ የአንዱ መዘግየት ለቀጣዩ ይተላለፋል። በየሜዳው መሃል፣ ከተማ በሌለበት ሁሉ፣ ባለ ሁለትና ባለ ሦስት ሐዲድ ትንንሽ ጣቢያ የምናየው ለዚሁ ነው። በእንፋሎት ዘመን ደግሞ ውሃ መሙላት ነበረ። በቆላው ውሃ እንደልብ ስለማይገኝ ባቡሩ የሚቆመው ውሃ ባለበት እንጂ ሰው ባለበት አልነበረም። በጣሊያን ወረራ ዘመን የመጣችው ሊትሪና የተባለች ባለ ሞተር ፉርጎ፣ ኋላም በናፍጣ የሚሄዱት ኦቶራይ የሚባሉ መሰሎቿ፣ ይህን የውሃ ማቆሚያ ስላስቀሩ ብቻ ብዙ ሰዓት ተቀነሰ። ሌሊት መሄድ ሲጀመር ደግሞ አዳሩ ራሱ ቀረ።

ከመተሐራ አጠገብ በሰቃ ሐይቅ አለ። ከሐዲዱ ታሪክ ውስጥ ብዙ የማይወራለት ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። ሐይቁ ባለፉት አሥርት ዓመታት እየሰፋ መጥቶ መንገዱንም ሐዲዱንም ተጋፍቷል። የአፈር ድልዳሉ ከስር ውሃ ሲጠጣ ጠጠሩ ይሰምጣል፣ ሐዲዱ ይጎብጣል፤ ጎባጣ ሐዲድ ላይ ደግሞ መሮጥ የለም። እዚህ ላይ መኪናውን ከመንገድ አውጥቶ ማቆም ይቻላል፤ ጥቁሩን የእሳተ ገሞራ ድንጋይና ውሃውን ጎን ለጎን ማየት ነው።

አዋሽ ሰባት ለምሳ ይበቃል። ጣቢያው አጠገብ ያለው ቡፌ ዳዋሽ የተባለው ሆቴል የተሠራው ለዚያ ለሁለተኛው አዳር ነው፤ ግቢው ጥላ አለው። ከከተማው አልፎ ያለው የአዋሽ ወንዝ ገደል ላይ የባቡሩ ድልድይ ይታያል። ጥበቃ ስላለ ካሜራ ማውጣት አይፈቀድም፤ ጠባቂውን መለመንም ጊዜ ማባከን ነው። በጥር 5 ቀን 1977 ዓ.ም. (1985 እ.ኤ.አ.) የደረሰው የባቡር አደጋ እዚሁ አዋሽ አካባቢ ነው። ባቡሩ ኩርባ ላይ ያለ ድልድይ ጋ ሲደርስ ፍጥነቱን ሳይቀንስ ቀርቶ ፉርጎዎቹ ገደል ገቡ፤ የሟቾቹ ቁጥር 428 ተብሎ ተመዝግቧል። ስለ ባቡሩ ቀርፋፋነት የሚቀልድ ሰው ይህን ቁጥር ቢያስታውስ ደግ ነው።

ከአዋሽ በኋላ ብዙ ሰው የማይጠብቀው ነገር አለ፦ ሐዲዱ እንደገና ይወጣል። አሰቦትን አልፎ ሚኤሶ ሲደርስ ከፍታው ከ1,300 ሜትር በላይ ነው። ሚኤሶ ላይ መንገዱና ሐዲዱ ይለያያሉ። ዋናው የመኪና መንገድ ወደ አሰበ ተፈሪ ተራራ ይወጣል፤ ሐዲዱ ግን ቆላውን ይዞ በአፍደም፣ በኤረርና በሁርሶ በኩል ድሬዳዋ ይገባል። ሐዲዱን መከተል የሚፈልግ የቆላውን መንገድ ይያዝ፤ ከመግባቱ በፊት ግን ሚኤሶ ላይ ስለ ጸጥታውና ስለ ጎርፍ ይጠይቅ። ነዳጅም ውሃም አዋሽ ላይ መሙላት ይሻላል።

በዚህ ክፍል የሚያስቸግረው ደረቅ ወንዝ ነው። አሸዋ ብቻ ያለበት ሰፊ አሸዋማ ሸለቆ ይታያል፤ ከላይ ደጋው ላይ ሲዘንብ ግን ጎርፉ በድንገት ይወርዳል። ጠጠሩን ጠርጎ ሲሄድ ሐዲዱ በአየር ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። በጨለማ ይህን ማየት ስለማይቻል፣ ያኔ ሌሊት አለመጓዛቸው ፍርሃት ብቻ አልነበረም። ዛሬ በየቦታው ሐዲዱ ተነቅሏል። ከስሩ የነበሩት የብረት አግዳሚዎች የግቢ አጥርና የቤት ምሰሶ ሆነው አይቻቸዋለሁ፤ ምስጥ የማይበላው እንጨት የሚፈልግ ሰው የሚያስቀናው ምሰሶ ነው።

መስመሩ የቆመው በአንድ ቀን አይደለም። በ1977 እ.ኤ.አ. በሶማሊያ ጦርነት ድልድዮቹ ፈርሰው ተቋርጦ እንደገና ተጠገነ። ከዚያ በኋላ ሐዲዱ እያረጀ፣ ከሐዲድ መውጣት እየበዛ ሄደ። ባቡር አንዴ ከሐዲድ ሲወጣ ነጠላው መስመር ሁሉ ይዘጋል፤ የጊዜ ሰሌዳው ወረቀት ብቻ ይሆናል። ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ ያለው ክፍል በ2008 እ.ኤ.አ. አካባቢ ሥራ አቆመ። ከድሬዳዋ ወደ ጅቡቲ ያለው፣ በሽንሌ፣ በአዲጋላ፣ በአይሻና በደወሌ የሚያልፈው፣ እየተቋረጠም ቢሆን ትንሽ ዘለቀ።

ድሬዳዋ ራሷ የሐዲዱ ልጅ ናት። መስመሩ ሐረር እንዲገባ ታስቦ ነበር፤ ተራራውን መውጣቱ ስለከበደ ከግርጌው ቀረ፤ ከተማዋም እዚያው ተቆረቆረች። ጣቢያው ከዚራ ከተባለው ሰፈር ዳር ነው። ከጀርባው ያሉት የባቡር መጠገኛ ወርክሾፖች ለሚያውቅ ሰው ግማሽ ቀን ይወስዳሉ፦ የድሮ የብረት መፈልፈያ ማሽኖች፣ ማዕዘን ላይ የቆሙ ኦቶራዮች፣ የተፈታቱ ጎማዎች። ለመግባት በር ላይ ማስፈቀድ ያስፈልጋል፤ ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ስለሚከብድ ጠዋት መሄድ ይሻላል።

አዲሱ ባቡር ሰፊ ሐዲድ ያለው፣ በኤሌክትሪክ የሚሄድ ነው፤ የመንገደኛ አገልግሎት የጀመረው በ2018 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ነው። ከፉሪ ለቡ ድሬዳዋ ሰባት ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ሰዓቱን ከድሮው ጋር ሲያወዳድሩ ግን ከቤት እስከ ቤት ይቁጠሩ። ፉሪ ለቡ ከመሃል ከተማ ሩቅ ነው፤ የድሬዳዋውም ጣቢያ ከከተማው ውጪ ነው። ድሮ ከፉርጎ የወረደ ሰው ሻንጣውን አንጠልጥሎ በእግሩ ከዚራ ይገባ ነበር፤ አሁን ባቡሩ ሲገባ ተሳፋሪው ሁሉ በአንድ ጊዜ ወደ ባጃጅና ሚኒባስ ስለሚሮጥ ዋጋውን ሳይሳፈሩ መነጋገር ነው።