የነፋስን ሰበቃ በመርፌ ስለካ

ነፋስ ሰሌዳ ላይ ሲያልፍ ሰሌዳውን ይዞ መሄድ ይፈልጋል፤ ሰበቃ የምለው ይህን ጉተታ ነው። ጉልበቱ ግን እጅግ ትንሽ ነው። ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ውስጥ በኮምፔንሳቶ በሠራሁት የነፋስ ዋሻ (አየር የሚነዳበት ረጅም ሳጥን) አየሩ በሴኮንድ 15 ሜትር ይሮጣል። እንዲህም ሆኖ አንድ ካሬ ሜትር ላይ የሚያሳርፈው ጉተታ ከ45 ግራም ክብደት ብዙም አይርቅም።

ስለዚህ ተመራማሪው ፕሬስተን በ1954 እ.ኤ.አ. ያቀረበውን ዘዴ ያዝኩ። አፉ ወደ ነፋሱ የዞረ ቀጭን ቱቦ የሰሌዳው ገጽ ላይ ይተኛል። የሚሰማው ግፊት አጠገቡ ካለች የገጽ ቀዳዳ ግፊት ጋር ይነጻጸራል። ገጽ ጥግ ያለ የሚናወጥ አየር ፍጥነቱ ከሰበቃው ጋር የታሰረ ስለሆነ፣ ከልዩነቱ ተነስቶ ሰበቃውን ማስላት ይቻላል።

ቱቦዬ ከፋርማሲ የገዛሁት አረንጓዴ መርፌ ነው፤ ውፍረቱ 0.8 ሚሊሜትር። ሹል አፉን በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጌ ቀጥ አደረግሁት። ልዩነቱ ወደ 25 ፓስካል፣ ማለትም ሁለት ሚሊ ተኩል ውሃ ነው። ይህን በዓይን ማንበብ አይሞከርም። የግሉኮስ ቱቦ ጣውላ ላይ ዘርግቼ፣ በ10 ሳንቲም 1 ሳንቲም ብቻ እንዲነሳ በውሃ ልክ አጋደልኩት። ያን ጊዜ ውሃው ሁለት ሳንቲም ተኩል ሄደ። መንገድ ላይ እየተያዘ ሲያስቸግረኝ ጠብታ ላርጎ ጨመርኩበት፤ ተላቀቀ።

ንባቡ ግን ሁልጊዜ ከፍ ይልብኝ ነበር። ለሳምንት ቀመሩን ስጠራጠር ከረምኩ። አናጢው ጓደኛዬ የስልኩን መብራት ከኋላ ይዞ ጎንበስ አለና «አቦ፣ ከስሩ እኮ ብርሃን ያልፋል!» አለኝ። እውነቱን ነው፤ መርፌው በፀጉር ውፍረት ተነስቶ፣ ፈጠን ያለውን አየር እየጠጣ ነበር። ጫፉ ራሱ ገጹን እንዲጫን መርፌውን በትንሹ ወደ ታች አጎበጥኩት። አሁን ሳልለካ በፊት መብራት አበራበታለሁ።

ሌላው ስህተቴ የአየሩ ጥግግት ነው። መጽሐፍ ላይ ያለውን በሜትር ኩብ 1.225 ኪሎ ወስጄ ፍጥነቱን አሰላሁ። ድሬ ከባህር ጠለል 1,200 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች፣ ሙቀቷም ይታወቃል። ቀን 32 ዲግሪ ሲሆን አንድ ሜትር ኩብ አየር አንድ ኪሎ ገደማ ነው። ፍጥነቱን 10 በመቶ ዝቅ አድርጌ እጽፍ ነበር ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ቴርሞሜትርና ባሮሜትር ከዋሻው ጎን አይጠፉም።

ውጤቱን ያመንኩት ወፈር ባለው ሮዝ መርፌ ደግሜ ለክቼ፣ ሁለቱም ተቀራራቢ ሰበቃ ሲሰጡኝ ነው። ቀጥሎ ሰሌዳው ላይ ብርጭቆ ወረቀት ልለጥፍ ነው። ሻካራ ገጽ ላይ ግን የመርፌው ስሌት አይሠራም፤ ስለዚህ ሰሌዳውን በቀጫጭን ሽቦ አንጠልጥዬ፣ ነፋሱ ምን ያህል እንደሚገፋው ለማየት እየሞከርኩ ነው።