አጎቴን በጾም ገደልኩት

አስቀድሜ አንድ ነገር ልበል፤ ሐሳቤ መልካም ነበር።

ነገሩ የሆነው ዘ ሲምስ 4 የሚባል የኮምፒውተር ጨዋታ ላይ ነው። ለማያውቀው፦ ሰው ትፈጥራለህ፣ ቤት ትሠራለታለህ፣ ሥራ ታስገባዋለህ፣ ታበላዋለህ። ማሸነፍ መሸነፍ የሚባል የለም፣ መኖር ብቻ ነው። እኔ እስካሁን የፈጠርኳቸው ሁሉ ከድግስ ወደ ድግስ የሚዞሩ፣ ሲመቻቸው የጎረቤት ሚስት የሚያሽኮረምሙ ዋልጌዎች ነበሩ። አንድ ቀን ሰለቸኝና "እስቲ ፈጣሪውን የሚፈራ አንድ ሰው ይኑረኝ" አልኩ።

ለአርአያ ሩቅ አልሄድኩም። አጎቴ አሉ። የእናቴ ታላቅ ወንድም፣ ጸሎታቸው የማይታጎል፣ ጾም የማያልፋቸው፣ ስልክ እንኳ ሳይመርቁ የማይዘጉ። መላጣቸውን፣ መነጽራቸውን፣ አንገታቸውን ሰበር የሚያደርጉባትን ሁሉ አስመስዬ ሠራሁ። (ከዚህ በኋላ እውነተኛውን "እሳቸው"፣ ጨዋታው ውስጥ ያለውን "እሱ" እላለሁ። አለዚያ እንደ እናቴ እናንተም ይምታታባችኋል።)

ችግሩ ገና ከፍጥረቱ ጀመረ። ጨዋታው ሦስት ጠባይ ምረጥ ይልሃል፤ "ሃይማኖተኛ" የሚል ግን የለውም። ደግ፣ ብቸኝነት የሚወድና ንጹሕ አደረግኩት። ከዚያ ፍላጎቶቹን አየሁ፦ ረሃብ፣ ሽንት፣ ጉልበት፣ መዝናናት፣ ከሰው መጫወት፣ መታጠብ። ስድስት ናቸው። ሽንት ለብቻው መለኪያ ተሰጥቶታል፣ ነፍስ ግን የለችበትም።

እሺ ብዬ ከመኝታ ቤቱ ጎን የጸሎት ክፍል ሠራሁለት። ሻማ ደረደርኩ፣ ጥሩ ምንጣፍ አነጠፍኩ፣ አስገባሁት። ምንጣፉ መሐል ቆሞ አየኝ። "ጸልይ" የሚል ትእዛዝ የለማ! ብፈልግ ብፈልግ ያገኘሁት ስፓ ደይ ከሚባለው ተጨማሪ ጥቅል ጋር የሚመጣውን የማሰላሰያ መቀመጫ ነው። ከሩቅ ሲያዩት ጸሎት ይመስላል፤ እኔ ደግሞ ከሩቅ ነው የማየው።

ጠዋት ማታ አስቀመጥኩት። የጨዋታው አንድ ቀን በተለመደው ፍጥነት 24 ደቂቃ ስለሆነ በአንድ ከሰዓት ብዙ ሱባኤ ይገባል። አንድ ጠዋት ሻይ አፍልቼ ስመለስ አጎቴ ከመቀመጫው ተነሥቶ አየር ላይ ተንሳፏል። እግሩን አጣጥፎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ከነመነጽሩ። ኋላ ሳጣራ የማሰላሰል ችሎታ ሲያድግ የሚመጣ ነገር ነው። ያን ሰዓት ግን ሻዬን ቁጭ አድርጌ አማተብኩ።

ለጓደኛዬ ደውዬ ነገርኩት። ሳቀብኝ። "እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣውን ዘ ሲምስ ሜዲቫልን አልተጫወትክም እንዴ? እሱ ላይ እኮ ሃይማኖት አለ። ፒተራንና ጃኮባን የሚባሉ ሁለት ወገኖች፣ ከነካህናቶቻቸው። ሁለቱም የሚያመልኩት 'ተመልካቹን' ነው።"

"ተመልካቹ ማነው?"

"ማውስ የያዘው ሰውዬ ነዋ!"

ይህች ነገር ከነከነችኝ። ለካ ያ ምስኪን ጠዋት ማታ ደጅ የሚጠናው እኔን ነው። እኔ ደግሞ እስከዚያ ሰዓት ጥርሴን እንኳ አልቦረሽኩም። ኅሊናዬ ሲወቅሰኝ ማዘርሎድ የሚባለውን ቺት (የማጭበርበሪያ ኮድ) ጻፍኩና 50,000 ሲሞሊዮን፣ የጨዋታውን ገንዘብ፣ ከሰማይ አወረድኩለት። ቀና ብሎም አላየ።

ጥፋቱ የመጣው ጾም ባስጀመርኩት ቀን ነው። ሰውዬው ዞር ባልኩ ቁጥር ማቀዝቀዣ ይከፍታል። ትእዛዙን እሰርዛለሁ፣ እንደገና ይከፍታል። እልህ ያዘኝና ቅንብሩ ውስጥ ገብቼ በራሱ መወሰኑን አጠፋሁት። በመጀመሪያው ዘ ሲምስ የዚህች ነገር ስም በቀጥታ "ነጻ ፈቃድ" ነበር። የሥነ መለኮት ሰዎች ስንት ዘመን የተከራከሩበትን እኔ በአንድ ክሊክ ዘጋሁት። ከዚያ ሰዓቱ ቶሎ ይለፍ ብዬ ፍጥነቱን ሦስት ላይ አደረግኩ። ስልኬ ጠራ።

ያው ጓደኛዬ ነው። ወሬው ወሬን እየወለደ ሄደ።

ስመለስ ያ ንጹሕ ብዬ የፈጠርኩት ሰው የጸሎት ክፍሉን ምንጣፍ አበላሽቶት፣ ፊቱ ገርጥቶ፣ ሆዱን ይዞ ወደ እኔ ያጉረመርማል። ቋንቋቸው ሲምሊሽ ነው፣ ትርጉም የለውም፤ የዚያን ዕለት ግን እያንዳንዱ ቃል ገባኝ። ማቀዝቀዣው ላይ ከመድረሴ ተዘረረ። መልአከ ሞት ማጭዱን ይዞ ከች አለ። በዚህ ጨዋታ አጠገብ ያለ ሰው መልአከ ሞትን ሊማጠን ይችላል፤ አጎቴን ግን ብቸኛ ያደረግኩት እኔው ነኝ። ሴቭም አላደረግኩም። ስለዚህ ራሴ ስክሪኑን በሁለት እጄ ይዤ ጮህኩ፦

"ተውልኝ! በናትህ ተውልኝ! ወይኔ አጎቴን! አጎቴ ሞተብኝ!"

እናቴ በሩ ላይ ናት።

እንዴት እንደሆነ አላውቅም፣ "እማዬ፣ ጨዋታ ነው" እስክል ድረስ እሷ ደረቷን መትታ፣ ስልኳን አንሥታ፣ ደውላ ነበር። ሟች ራሳቸው አነሡት።

"ጋሼ! አለህ?" አለች እያለቀሰች።

"የት እሄዳለሁ?"

ነገሩ ሲገባት መጀመሪያ የተናደደችው በመግደሌ አይደለም። "ቢሆንስ! ታላቅ ሰው 'ሞተ' ይባላል? 'አረፉ' አይባልም?" ብላ ስልኩን ሰጠችኝና ወጣች።

"ገደልከኝ አሉ" አሉኝ አጎቴ።

"በስሕተት ነው፣ ይቅር ይበሉኝ።"

"በምን ሞትኩ?"

"በጾም።"

"ስንተኛው ቀን ላይ?"

ልዋሽ ፈልጌ ነበር። "ሁለተኛው... ሦስተኛውም ሊሆን ይችላል።"

ዝም አሉ። "እኔ?" አሉ ቆይተው። "እኔ በሁለት ቀን?" ከመሞታቸው ይልቅ ቶሎ መሞታቸው እንደከነከናቸው ድምፃቸው ይናገራል። "ጸሎቱንስ? ይጸልይ ነበር?"

"ጠዋት ማታ። ከመሬት ብድግ ብሎ አየር ላይ እስኪንሳፈፍ ድረስ።"

አሁን ደግሞ ዝምታው ረዘመ። ሲመለሱ ድምፃቸው ለስልሷል።

"እንዲህ በለኛ! እስቲ ሌላ ጊዜ ስትመጣ ያንን አሳየኝ" አሉና መርቀው ዘጉ።

ስለ ምንጣፉ አልነገርኳቸውም።