ስም ዝርዝሩን የሰጠሁት እኔ ነኝ

በፈረንጆቹ 2009 ኮሪያ ነበርኩ፣ ሱወን የምትባል ከሴኡል በባቡር አንድ ሰዓት ገደማ የምትርቅ ከተማ ውስጥ ሚድል ስኩል እንግሊዝኛ አስተምር ነበር። ቪዛውን የሚሰጡት ለ7 አገር ፓስፖርት ብቻ ስለሆነ የሄድኩት ባሜሪካኑ ነው፣ ባበሻው ቢሆን በሩንም አላንኳኳ።

የውጭ አስተማሪ ብቻውን ክፍል አይገባም፣ አብራው የምትገባ ኮሪያዊት ኮ-ቲቸር ትመደባለች። የኔዋ በጣም ደግ ሴት ናት፣ በብርዱ ወራት ጠዋት ስገባ ጠረጴዛዬ ላይ መንደሪን አጣም አላውቅም። ግን ብብቷ ስር ሁሌ ዱላ አለ፣ ክንድ የምታክል፣ መያዣዋ በአረንጓዴ ቴፕ የተጠቀለለ። "የፍቅር ዱላ" ነው የሚሏት እነሱ።

አንድ ቀን የቤት ሥራ ሰጥቼ 9 ልጆች ሳይሠሩ መጡ። "እነማን ናቸው?" አለችኝ፣ እኔም ወረቀት አውጥቼ ስማቸውን በኮሪያ ፊደል ጻፍኩላት፣ ፊደሉን ገና መልመዴ ስለነበር እንደውም ጽሑፌ አምሮብኝ ደስ ብሎኝ ነበር እኮ! ምሳ ሰዓት ላይ የመምህራን ቢሮ ስገባ 9ኙ ልጆች ጠረጴዛዋ ፊት ተሰልፈዋል፣ ጥያቄ ሊጠይቁ የመጡ መስሎኝ ፈገግ አልኩ። ከዛ የመጀመሪያው ልጅ መዳፉን ዘረጋ። ሁለት ሁለት። ጠጋ ብሎ የተቀመጠው የሂሳብ አስተማሪ ቀና እንኳን አላለም፣ የፓኬት ቡናውን ያማስላል። ዱላው ሲያርፍ ግን የኔ እጅ ራሱ ጭብጥ አለ፣ አለ አይደል፣ ድምፁን ያውቀዋል።

ተመትተው ሲጨርሱ ተራ በተራ እየመጡ ጎንበስ ብለው "ሶሪ ቲቸር" አሉኝ። ለኔ! መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ይሻለኝ ነበር።

ማታ አውቶቡስ እየጠበቅን አንስቼ "ባይመቱ አይሻልም?" አልኳት። "አሜሪካ አይመታም?" ስትለኝ "አይመታም" አልኩ ኮራ ብዬ። ውሸቴን ነው፣ ያኔ ደቡብ ያሉት ስቴቶች በጣውላ ይመቱ ነበር፣ እኔ የነበርኩበት ሜሪላንድ ግን ከከለከሉት ስቴቶች አንዱ ነው። "ኢትዮጵያስ?" አለች ቀጥላ። ምን ልበላት? ሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 36 ላይ ልጅ በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ ነው ይላል፣ እኔ ግን አምስተኛ ክፍል በጎማ የተገረፍኩት እሱ ከወጣ በኋላ ነው። አባቴም ሲያስመዘግበኝ "አይኗን ብቻ አትንኩብኝ" ብሎ ነው ያስረከበኝ። አውቶቡሱ መጣልኝና ተገላገልኩ።

ከዛ ወዲህ ስም አልሰጥም። "ማን አልሠራም?" ስትለኝ "ገና አርሜ አልጨረስኩም" እላለሁ፣ ያልሠሩትን ደግሞ ምሳ ሰዓት አጠገቤ አስቀምጬ አሠራለሁ። ጥሩ የሠራሁ መስሎኝ ነበር፣ በሦስተኛው ቀን አንዱ ቀጫጫ ልጅ ሜዳውን በመስኮት እያየ "ቲቸር፣ ዱላው ይሻለኛል፣ ቶሎ ያልቃል" አለኝ፣ ኳስ አምልጦት። ስቄም ተናድጄም ዝም አልኩ።

ኦገስት 2010 ኮንትራቴ አልቆ ወጣሁ። በኦክቶበር የዛ ክፍለ ሀገር፣ ግዮንጊ፣ የተማሪዎች መብት ደንብ አውጥቶ ዱላን ከለከለ፣ ኖቬምበር ላይ ሴኡል፣ በ2011 ደግሞ አገር አቀፍ ሆነ። ቁጢጥ ብሎ ሜዳ መዞሩ፣ እጅ ወደ ላይ አድርጎ መቆሙ ግን ብዙ ቦታ ወዲያው አልቀረም። ኮ-ቲቸሬ ኢሜይል ጻፈችልኝ፣ "ዱላዋን መሳቢያ ውስጥ ከተትኳት፣ ክፍል ስገባ ግን እጄን የት እንደማደርገው ጠፍቶኛል" ትላለች።