ባቡር ጣቢያ ፍለጋ ሄጄ ግድግዳ አገኘሁ

ከፍራንክፈርት በርሊን ሌሊቱን በአውቶቡስ ነው የሄድኩት። ስለ መንገዱ የምለው የለኝም። ከጎኔ ያለው ሰውዬ ሲያንኮራፋ አደረ፣ እኔ ስገላምጠው አደርኩ።

ጠዋት ቲኬት ቆርጬ ከተማ ውስጥ ባቡር ተሳፈርኩ። ለካ መጀመሪያ ማሽን ላይ ማስመታት አለብህ! ተቆጣጣሪው 60 ዩሮ ቀጣኝ። የአዲስ አበባ ወያላ ቢሆን ተጨቃጭቀን እንለያይ ነበር። ይሄኛው ደረሰኝ ሰጥቶኝ “መልካም ቀን” ብሎ ሄደ። የበለጠ ያበገነኝ እሱ ነው።

እንደበገንኩ አንሃልተር ባንሆፍ የሚባል ፌርማታ ወረድኩ። ፌርማታው ከመሬት በታች ነው። ደረጃውን ስወጣ በዚሁ ስም የሚጠራውን ስመ ጥር የባቡር ጣቢያ የማይ መስሎኝ ነበር። ያገኘሁት ሜዳ ላይ ብቻውን የቆመ የቢጫ ጡብ ግድግዳ ነው። በክብ መስኮቶቹ ሰማይ ይታያል። በቃ።

የመጀመሪያው ጣቢያ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1841 ነው። ፍራንዝ ሽቬችተን የነደፈው ግዙፉ ሕንፃ በ1880 በቦታው ተተካ፤ ጣሪያው ያለ አንድ የመሃል ምሰሶ 60 ሜትር ያህል ስፋት ይሸፍን ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በቦምብ ተመታ። ከተማዋ ምሥራቅና ምዕራብ ተብላ ስትከፈል ደግሞ ጣቢያው በምዕራቡ በኩል ቀረ፤ ሐዲዱ የሚዘልቀው ግን ወደ ምሥራቅ ጀርመን ሆነና ባቡሮቹ ወደ ምሥራቅ በርሊን ዞሩ። በ1952 ተዘጋ፣ ከ1959 ጀምሮ ፈረሰ።

እዚያው የቆመ ጽሑፍ አለ፤ ሁለቴ አነበብኩት። ከ1942 እስከ 1945 ከ9 ሺህ 600 በላይ የበርሊን አይሁዳውያን፣ አብዛኞቹ አረጋውያን፣ ከዚህ ቴሬዚንሽታት ወደሚባለው የናዚዎች ማጎሪያ ተወስደዋል። በየዕለቱ ከሚሄደው ባቡር ላይ የሦስተኛ ማዕረግ ፉርጎ ይቀጠልና እነሱን እዚያ ያስገቧቸዋል። ፊት ባሉት ፉርጎዎች የተቀመጠው ተራ ተሳፋሪ ምናልባት ፍል ውኃ ሊታጠብ እየሄደ ነው።

ግድግዳው ጀርባ ልጆች ኳስ ይጫወታሉ። ውሻ የያዙ አንድ አዛውንት አጠገቤ ቆሙ። በከዘራቸው ጎሉን እያሳዩ፣ ሐዲዱ እዚያ ጋ ነበር አሉኝ። ሲፈርስ የ12 ዓመት ልጅ ነበሩ፤ እናታቸው አቧራውን ሽሽት መስኮት ስትዘጋ ያስታውሳሉ።

“የእናንተስ ከተማ ጣቢያ አለ?” አሉኝ።

ለገሃር ትዝ አለኝ። “ሕንፃው አለ፣ ባቡሩ ነው የሌለው” አልኳቸው።

በጣም ሳቁ። የ60 ዩሮውን ስነግራቸው ደግሞ አልሳቁም። ደረጃውን አብረውኝ ወርደው ማሽኑን አሳዩኝ፤ ቲኬቴን እስካስመታ ድረስም አጠገቤ ቆመው ጠበቁ።