ሁለት ሸክላ፣ አንድ ሌሊት

ዛሬ ቀኑን ሙሉ ሆድ ሲብሰኝ ዋለ። ምክንያት አልፈልግለትም፤ ክረምት ነው፣ ቅዳሜ ነው፣ እናንተም ታውቁታላችሁ። ማታ ላይ ከታችኛው ፎቅ ሙዚቃ ተከፈተ። ዘፈኑ አይለይም። ኮንክሪት አልፎ የሚመጣው ቤዙ ብቻ ነው፣ ቀጭኑ ድምፅ መንገድ ላይ ይቀራል። ዲስኮ መሆኑን ለማወቅ ግን ይበቃል፤ ትልቁ ድራም አራቱንም ምት፣ አንዱን ሳይዘል ይመታል።

ይህን አመታት ከማንም በላይ ያስለመደን የፊላደልፊያው ድራመር ኧርል ያንግ ነው። በፈረንጆቹ 1973 ሃሮልድ ሜልቪን ኤንድ ዘ ብሉ ኖትስ ባወጡት «ዘ ላቭ አይ ሎስት» ላይ አድምጡት። እግሩ በየምቱ ይረግጣል፤ በሁለት ምት መሃል ደግሞ ሃይ ሃቱን፣ በእግር የሚከፈቱትን ጥንድ ሲምባሎች፣ ከፈት አድርጎ «ጭስ» ያሰኘዋል። ትልቁ ድራም ወደ መሬት ይጫናል፣ ሃይ ሃቱ መልሶ ያነሳል። መቼ ልርገጥ ብሎ የሚጨነቅ ሰው አይኖርም። መደነስ የማይችለውም ይችላል፤ የዲስኮ ደግነቱ ለእኔ እዚህ ላይ ነው። እኛ በቺክቺካ ያደግን ሰዎች ትከሻችን ሦስት ሦስት መቁጠር ለምዷል። በሰርግ ላይ ዲጄው ዲስኮውን ከቺክቺካ ጋር ቀስ አድርጎ ላዋህድ ቢል የሚበላሽበትም ለዚህ ነው፤ ሦስቱና አራቱ አይገጥሙም። አንዱን ቆርጦ ሌላውን መጀመር ይሻላል።

ታናሼ ይህን ሲያይ «አሁንም ዲስኮ?» ማለቱ አይቀርም። አዎ፣ አሁንም። ጁላይ 12 ቀን 1979 ቺካጎ ውስጥ፣ ኮሚስኪ ፓርክ በተባለው ስታዲየም፣ ዲስኮን የሚጠሉ ሰዎች ሳጥን ሙሉ ሸክላውን በፈንጂ አፈንድተው ዲስኮ ሞተ ብለው ነበር። እዚያው ከተማ ግን ዲጄው ፍራንኪ ናክልስ ዌርሃውስ በሚባለው ጭፈራ ቤት ያንኑ ሙዚቃ እያራዘመ ያጫውት ነበር፤ ሃውስ ሙዚቃ የበቀለው ከዚያ ነው።

ማራዘሙ ነው ዋናው ነገር። ባለ 7 ኢንች ሸክላ ሰው ገና ሲሞቅ፣ በሦስት በአራት ደቂቃ ታልቃለች። ቤዝ ደግሞ ሸክላ ላይ ሲቀረጽ ቦታ ይበላል፤ መስመሩ በሰፊው ይወዛወዛል። ቦታ ካነሰው ጎን ለጎን ያሉት መስመሮች ይነካካሉ፣ መርፌዋም ትዘላለች። ስለዚህ ቀራጩ ሳይወድ ቤዙን ይቀንሰዋል። በ1970ዎቹ አጋማሽ ዘፈኖችን ለጭፈራ እያራዘመ የሚያቀናብረው ቶም ሞልተን አንድ ዘፈን ሊያስቀርጽ ሄዶ ትንሹ ባዶ ሸክላ አልቆ ተገኘና በትልቁ ተቀረጸለት። መስመሮቹ ተራርቀው ሲዘረጉ ድምፁ ጮክ፣ ቤዙ ጥልቅ ብሎ ወጣ። ባለ 12 ኢንቹ የዳንስ ሸክላ እንዲህ ተወለደ። በ1976 የደብል ኤክስፖዠርን «ቴን ፐርሰንት» ዲጄው ዋልተር ጊበንስ ከዘጠኝ ደቂቃ በላይ አራዘመውና ሳልሶል የተባለው የሸክላ አሳታሚ ለገበያ አወጣው። በዘጠኝ ደቂቃ ውስጥ ሰው ሃሳቡን ይጥላል።

ሌሊቱ የሚሞተው በሁለት ዘፈን መሃል ነው። ጥሩ ዲጄ ከ105 ወይም ከ110 ምት በደቂቃ ይጀምርና 120ን የሚያልፈው ቆይቶ፣ ሁለት ሦስት ምት ብቻ እየጨመረ ነው፤ በአንዴ አሥር ከዘለለ እግር ይሰናከላል፣ ሰውም ወደ ጠረጴዛው ይመለሳል። አዲሱን ዘፈን የሚያስገባው የ32 ምቱ ዙር ሞልቶ ቀጣዩ ዙር ሲጀምር ነው። የሚገባውን ዘፈን ቤዝ ዘግቶ ይቆይና የሚወጣውን ሲዘጋ የገባውን ይከፍታል፤ ሁለት ቤዝ አብሮ ከጮኸ ጉርምርምታ እንጂ ሙዚቃ አይሰማም። በ1979 የወጣው ቴክኒክስ ማጫወቻ ፍጥነትን 8 በመቶ ወደ ላይም ወደ ታችም ይለውጣል፤ ባለ 120 ምቱን ወደ 110 ወይም ወደ 130 ግድም ያደርሳል ማለት ነው። ያን ያህል ሲገፋ ግን የዘፋኙ ድምፅ ይቀጥናል ወይም ይወፍራል። ከሁሉ የሚከብደው ደግሞ የድሮው ድራመር ሰው መሆኑ ነው፤ ሞቅ ሲለው ይፈጥናል። አንዴ አስተካክለህ እጅህን ካነሳህ ሁለቱ ሸክላዎች ይለያያሉ፤ ጣት ከሸክላው ጠርዝ አትርቅም።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ ዴቪድ ማንኩሶ ትዝ ይለኛል። ከ1970 ጀምሮ ኒውዮርክ ብሮድዌይ ላይ በገዛ ቤቱ፣ መጠጥ ሳይሸጥ፣ ሰው እየጠራ ያስጨፍር ነበር። መጀመሪያ እሱም ሸክላ ከሸክላ ያዋህድ ነበር። ኋላ ሁለቱን ሸክላ የሚያቀላቅለውን መሣሪያ፣ ሚክሰሩን፣ ጭራሽ ነቅሎ አወጣው፤ ድምፁን ያቆሽሽብኛል፣ ዘፈንም ከጫፍ እስከ ጫፍ ይሰማ ብሎ። አንዱ ሸክላ ያልቃል፣ ጸጥ ይላል፣ ሌላው ይጀምራል። በእኔ ስሌት ያ ቤት ባዶ መቅረት ነበረበት። አልቀረም፤ ሰው አጨብጭቦ ቀጣዩን ይጠብቃል። ምን ይሆን የያዛቸው? በየጥጉ የቆሙት ክሊፕሽሆርን ስፒከሮች ጥራት ነው? ተጠርተው የመጡ፣ የሚተዋወቁ ሰዎች መሆናቸው? ወይስ ምቱ ሳይቋረጥ ሰውን የሚያቆይ ሌላ ነገር አለ?