ዜሮ ዶላር የሚለው ደረሰኝ

ከካሽ ማሽኑ ጎን በፕላስተር የለጠፍኳት ወረቀት አራት መስመር ነበራት። ለፕላን ደንበኛ ዶሮ ሦስት ቁራጭ። ምግብ መለወጥ የለም። ለሌላ ሰው ማካፈል የለም። ሰዓቱ ያልደረሰ ከሰልፍ ይውጣ። የእጅ ጽሑፉ የኔ ነው፤ ሐሳቡም በአብዛኛው የኔ ነበር።

ቨርጂኒያ ውስጥ በአንድ ትልቅ የመዝናኛ ፓርክ የተጠበሰ ዶሮ የሚሸጥበት ሱቅ ሱፐርቫይዘር ነበርኩ። በፓርኩ ሁለተኛ ሲዝኔ ነው። ከሥሬ 11 ልጆች አሉ፤ አብዛኞቹ ከ15 እስከ 17 ዓመት የሆኑ፣ የመጀመሪያ ደመወዛቸውን ከእኛ የሚቀበሉ። ሥራው ከውጭ ሲታይ ዶሮ መጥበስ ብቻ ይመስላል። ውስጡ ስትገቡ ግን የሰዓትና የሒሳብ ሥራ ነው።

ደንበኞቻችን ሁለት ዓይነት ናቸው። የቀን ትኬት ቆርጦ የሚገባው አንድ ትሪ ዶሮ ከድንች ጥብስ ጋር 18 ዶላር ይከፍላል። ሲዝን ፓስ፣ ማለትም ሲዝኑን ሙሉ የሚያስገባ ካርድ፣ ካላቸው መካከል ደግሞ ተጨማሪ ከፍለው የምግብ ፕላን የሚገዙ አሉ። በዚያ ዓመት ዋጋው 130 ዶላር ገደማ ነበር። ይህን የገዛ ሰው ፓርኩ በተከፈተ ቀን ሁሉ ምሳና እራት ይበላል፤ በሁለቱ መካከል ግን አራት ሰዓት ማለፍ አለበት። ካርዱ ስካን ሲደረግ ጊዜው ካልሞላ ማሽኑ ቀይ ያበራል፣ ከሞላ አረንጓዴ። ደረሰኙ ላይ የሚወጣው ዋጋ 0.00 ነው።

ለደንበኛው ሒሳቡ ግልጽ ነው፤ ስምንተኛውን ትሪ ከበላ ገንዘቡ ተመልሶለታል። ለፓርኩ ደግሞ ዶሮው፣ ድንቹ፣ ዘይቱ፣ ሶሱና ሳህኑ ተደምሮ አንድ ትሪ 4 ዶላር አካባቢ ያስወጣል። የሠራተኛውን ጉልበት ሳንቆጥር ማለት ነው። ስለዚህ አንድ ሰው ሠላሳ ሁለት ጊዜ እስኪበላ ድረስ ፓርኩ በምግቡ አይከስርም። ሠላሳ ሁለት ጊዜ የሚበላ ደግሞ ብዙ የለም፤ ሰው ይገዛል፣ ከዚያ ዝናብ ይሆናል፣ ልጅ ይታመማል፣ ሥራ ይደራረባል። ትርፉ የሚገኘው ካልተበላው ነው።

አለቆቻችንን የሚያስፈራቸው የሚበላው ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2021 በዜና የወጣ አንድ ታሪክ በየስብሰባው ይነሳል። ሎስ አንጀለስ አጠገብ ያለው ማጂክ ማውንቴን ያኔ ዓመቱን ሙሉ ክፍት የነበረ ፓርክ ነው፤ ከዚያ ቅርብ የሚሠራ አንድ ወጣት በዓመት 150 ዶላር ገደማ እየከፈለ ለሰባት ዓመት ያህል ምሳና እራቱን እዚያ ሲበላ ኖሯል፤ በቆጠበው ገንዘብም የትምህርት ዕዳውን እንደከፈለ ተናግሯል። እኔ ይህን ስሰማ ልጁን አደነቅኩት። ስብሰባው ውስጥ ግን የሚነገረው እንደ ማስጠንቀቂያ ነበር፦ «እንዲህ ዓይነት ሰው እናንተም ሱቅ አለ።»

ሐምሌ መጨረሻ ላይ ማናጀሬ ጠርቶኝ የሱቄን ሪፖርት አሳየኝ። የምግብ ወጪዬ ከሽያጬ 44 በመቶ ሆኗል። መሆን የሚገባው 22 ነው። «የፕላን ሰዎች እየበሉሽ ነው፤ አንድ ነገር አድርጊ» አለኝ። ምን እንደማደርግ አልነገረኝም። አዲስ ሹመኛ ነኝ፣ ማሳየት ፈልጌያለሁ። ያን ማታ ወረቀቷን ጻፍኩ። የቀን ትኬት ለያዘው አራት ቁራጭ፣ ለፕላን ደንበኛ ሦስት። ጠዋት ልጆቹን ሰብስቤ ደንቡን አስጠናኋቸው፤ ምግቡን ለሌላ ሰው ሲሰጥ የተገኘ ፕላኑ ሊታገድ እንደሚችል ለደንበኛው እንዲናገሩም አዘዝኳቸው።

ከሳምንት በኋላ፣ ፍልሰታ ገብቶ፣ ሐሙስ ቀን ነው። በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 10 ሰዓት ከሩብ። ሰልፉ ከበራችን አልፎ የልጆች ፈረስ መጫወቻው ጋ ደርሷል። ከአራቱ መጥበሻ የሚሠሩት ሁለቱ ብቻ ናቸው፤ ሦስት ልጆች ብሬክ ወጥተውብኛል። እኔ ከኋላ ቴርሞሜትር ይዤ ዶሮው ላይ ቆሜያለሁ፤ ውስጡ 165 ፋራናይት፣ ማለትም 74 ሴልሺየስ ሳይደርስ አይወጣም፤ ሰልፉ ቢረዝምም ባይረዝምም።

ካሸሯ የ16 ዓመት ልጅ ናት፤ ጎበዝ፣ የተባለችውን የማትረሳ። ነጠላ የለበሱ አንድ እናት ከሁለት የልጅ ልጆቻቸው ጋር መጡ። ትልቁ ዘጠኝ ዓመት ቢሆነው ነው። ለአያቱ እያስተረጎመ፦ ለእሷ ዶሮውን ተዉትና በእሱ ምትክ ድንች ጨምሩላት አለ። ካሸሯ ወረቀቷን አየች። አይቻልም አለች። ትሪው ሦስት ቁራጭ ዶሮና ትንሽ ድንች ሆኖ ወጣ። እማማ ተቀመጡ፣ አማትበው ድንቹን አነሱ፣ ዶሮውን ወደ ልጆቹ ገፋ አደረጉት። ካሸሯ ይህን አየችና ከማሽኑ ተነስታ ጠረጴዛቸው ድረስ ሄደች። ማካፈል ክልክል መሆኑን፣ ፕላኑ ሊታገድ እንደሚችል ነገረቻቸው። እኔ ያስጠናኋትን፣ ቃል በቃል።

እኔ ከኋላ ስወጣ ያየሁት ትንሹን ልጅ ነው። የነከሳትን ዶሮ ወደ አያቱ ትሪ እየመለሰ ነበር።

«እማማ፣ ምን ሆኑ?» አልኳቸው ጎንበስ ብዬ።

ቀና ብለው ፊቴን አዩ። «አበሻ ነሽ? ተመስገን። ልጄ፣ ፍልሰታ አይደል? እኔ ዶሮ አልበላም። እስከ ዘጠኝ ቆይቼ አሁን ነው እህል የምቀምሰው። ለልጆቹ ልስጥ ስል ከለከሉኝ። ታዲያ ልጣለው? እህል እኮ ነው።»

መልስ አልነበረኝም።

«ማነው እንዲህ ያዘዘው?»

«እኔ ነኝ፣ እማማ።»

አልተቆጡኝም። ትሪውን አስተካክለው አስቀመጡና፣ «ልጄ ከፍላበታለች እኮ፤ ሌሊት ሠርታ» አሉኝ።

ልጆቹ እንዲበሉ ነገርኳቸው። ወደ ውስጥ ገብቼ ሁለት ሙሉ ድንች ጥብስ አወጣሁ። «ዘይቱ ከዶሮው ጋር አንድ ነው?» ብለው ጠየቁኝ። የድንቹ መጥበሻ ለብቻው ነው፣ ነገርኳቸው። ማሽኑ ውስጥ እንዲህ ዓይነት ነገር የሚመዘገብበት ቁልፍ ስላልነበረ «ብልሽት» ብዬ መዘገብኩት። ካሸሯ ሲመሽ መጥታ፣ «አጥፍቼ ነው?» አለችኝ። ዓይኗ ቀልቷል። ያጠፋው ወረቀቱ ነው፣ ወረቀቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ አልኳት። ወረቀቷን ፊት ለፊቷ ነቀልኳት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ለሁለት ሳምንት ደብተር ይዤ ቆጠርኩ። በየግማሽ ሰዓቱ ስንት ሰው መጣ፣ ስንቱ የፕላን ነው፣ ምን ተጣለ። ቆሻሻ መጣያውን ሳይቀር አየሁ። ሙሉ የዶሮ ቁራጭ ተጥሎ ያገኘሁት ብዙ ጊዜ ነው፤ መለወጥ አይቻልም፣ ማካፈል አይቻልም ካልን ሌላ የት ይሄዳል? ከዶሮው ድንቹ ደግሞ ለእኛ ይረክሳል። እማማ ዶሮውን ትተው ድንች ሲጠይቁን ገንዘብ ሊያድኑልን ነበር የመጡት። እኛ ከለከልናቸው።

ሁለተኛው ያገኘሁት ነገር ሰልፉ ነው። ብዙ ሰው ምሳውን ከ6 እስከ 7 ሰዓት ይበላል። የአራት ሰዓቱ ገደብ ታዲያ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ከ10 እስከ 11 ይፈታቸዋል። ገና አሥር ደቂቃ የቀራቸው ቀይ አይተው ከሰልፍ አይወጡም፤ እዚያው ዳር ይቆማሉ፤ መንገዱም ይዘጋል። ማዕበሉን የሠራነው ራሳችን ነን። በዚያ ላይ በቨርጂኒያ ሕግ ከ16 ዓመት በታች ያለ ልጅ ግማሽ ሰዓት ሳያርፍ ከአምስት ሰዓት በላይ መሥራት አይችልም። ከረፋዱ 5 ሰዓት የገቡት ልጆች የግድ ብሬክ የሚወጡት 10 ሰዓት ላይ ሆነ፤ ልክ ሰዉ ሲመጣ። ሁለት ደንቦች አንድ ሰዓት ላይ ይገጥማሉ፣ እኔ ግን ሰዉ ሆዳም ሆኖ ነው እል ነበር።

በዚህ ሥራ ሰልፍ አዲስ ነገር አይደለም። ካሊፎርኒያ ያለው ኖትስ ቤሪ ፋርም የተነሳው ከዶሮ ነው፤ ኮርዴሊያ ኖት በ1934 በሠርግ ሳህኗ ስምንት ሰው አብልታ፣ አንዱን ራት በ65 ሳንቲም ሸጣ ጀመረች። ሰልፉ ሲረዝም ባሏ ዋልተር የሚጠብቀው ሰው የሚያየው ነገር ይኑር ብሎ የድሮ ከተማ አምሳያ ሠራ፤ ፓርኩ ከዚያ አደገ። እዚያ ቤት የተራበ ሰው ሲቆም ምን ይየው ብለው አሰቡ። እኔ ከሰልፍ ይውጣ ብዬ ጻፍኩ።

ሦስተኛው 44 በመቶው ነው፤ ይህን ለማግኘት ከሁሉም በላይ ጊዜ ፈጀብኝ፣ ሲገባኝ ግን እንቅልፍ ነሳኝ። ለአንድ የቀን ደንበኛ 18 ዶላር እቀበላለሁ፣ 4 ዶላር አወጣለሁ፤ 22 በመቶ። ከጎኑ አንድ የፕላን ደንበኛ ሲበላ ወጪዬ 8 ይሆናል፣ ሽያጬ ግን ያው 18 ነው፤ 44 በመቶ። የእማማ ልጅ ለሦስት ሰው፣ ለእያንዳንዱ 130 ዶላሩን የከፈለችው በኅዳር ነው። ያ ገንዘብ ፎቅ ላይ ባለ ሌላ መዝገብ ተቀምጧል። የእኔ ሱቅ ዶሮውን ተከፍሎበት እንዳልተከፈለ ይቆጥረዋል። እኔም ዜሮውን ከማየት ብዛት ሰዎቹን በነፃ እንደሚበሉ ማየት ጀመርኩ። ልጆቹም እንደዚያው። ለ18 ዶላሩ ደንበኛ ፈገግ ይላሉ፣ ለዜሮው ወረቀት ያሳያሉ። የቆረጥኩት አራተኛው ቁራጭ የሚያድነው 60 ሳንቲም አካባቢ ነው።

ሌሎች ፓርኮች ይህን በሌላ መንገድ ይይዙታል። ሲዳር ፖይንትን የመሳሰሉት ያኔ ለአንድ ቀን የሚገዛ የምግብ አምባር ነበራቸው፤ በየ90 ደቂቃው ያበላ ነበር፤ ሰዉም ይበታተናል። ኢንዲያና ያለው ሆሊዴይ ወርልድ ደግሞ ከ2000 ጀምሮ ለገባ ሰው ሁሉ ለስላሳ መጠጥ በነፃ ያጠጣል፤ ዋጋው መግቢያው ውስጥ ነው። ሰው እዚያ ብርጭቆውን ሲሞላ ቀይ የሚያበራበት ማሽን የለም። ለዶሮ ይህ ይሠራል አልልም። ለመጠጥ ግን ሰውን ሳያሳፍሩ መነገድ እንደሚቻል ያሳያል።

ደብተሩን ይዤ ማናጀሬ ዘንድ ሄድኩ። ደግ ሰው ነው፣ ቁጥር ካዩ ከሚሰሙት ነው። ዶሮን በሁለት ድንች መለወጥ በእኔ ሱቅ ለሙከራ ፈቀደ። ብሬኩን ከ8 ሰዓት ተኩል ጀምሬ በየተራ እንዳወጣ ተስማማን፤ በመጀመሪያው ሳምንት አራቱም መጥበሻ 10 ሰዓት ላይ ሲሠራ አየሁ። የአራት ሰዓቱን ገደብ መንካት አልቻለም፣ የሚወሰነው ከሱ በላይ ነው። ማካፈልን የሚከለክለውም ደንብ ወረቀት ላይ ቀረ፤ እኔ ግን ልጆቼ ለዚህ ብለው ጠረጴዛ ድረስ እንዳይሄዱ አዘዝኩ። የሒሳቡን ነገር ረጅም ጊዜ ዝም ብሎ አየው። በመጨረሻ፣ «አራተኛውን ቁራጭ መልሺ፤ ስለ ሪፖርቱ እኔ መልስ እሰጣለሁ» አለ። ሪፖርቱ እስከ ሲዝኑ መጨረሻ አላማረም።

እማማን በጥቅምት አንድ ቅዳሜ እንደገና አየኋቸው። ፍልሰታ አልፏል፣ አራት ቁራጭ ዶሮ ከፊታቸው አለ። የሚቀጥለውን ዓመት ፕላን ልጃቸው ልትገዛ እንደሆነ ነግረውኝ ምክሬን ጠየቁኝ። የሥራ ቦታዬ ግዙ በሉ ይለኛል። እኔ ናፕኪን ላይ እውነቱን አሰላሁላቸው። ለልጆቹ ያዋጣል፣ ብዙ ቀን ይመጣሉ። ለእርስዎ ግን ረቡዕና ዓርብ ሲነሳ፣ ፍልሰታ ሲነሳ፣ ድንች ብቻ የሚበሉበት ቀን ይበዛል፤ ከስምንት ትሪ በላይ መብላትዎን እንጃ፤ ለእርስዎ አይግዙ፣ በራበዎት ቀን ድንቹን ብቻ ይግዙ አልኳቸው።

በጥሞና ሰሙኝ። ከዚያ ልጆቹን አዩ።

«እነሱ ሲበሉ እኔ ሰልፍ ላይ ልሁን? አንድ ላይ ነው እንጂ የምንቀመጠው» አሉ።

ናፕኪኑን ገልብጬ ለሦስት ሰው ደመርኩት።