የልጄ ፓስፖርት

ዛሬ ኤርፖርት ቼክ ኢን ላይ ሠራተኛዋ የአራታችንንም ፓስፖርት አንድ በአንድ ገለጠች። የትንሿ ልጄ ላይ ስትደርስ ቆም አለች። ጣቷን ማብቂያ ቀኑ ላይ አድርጋ ወራቱን በከንፈሯ መቁጠር ጀመረች። እኔም ትንፋሼን ዋጥ አድርጌ አብሬያት ቆጠርኩ። አራት ላይ አለቀ።

«ጊዜው እኮ አላለፈም» አልኳት።

«አላለፈም። ግን የምትሄዱበት አገር ስድስት ወር የቀረው ፓስፖርት ነው የሚቀበለው» አለችኝ፣ ቀስ ብላ።

ሁላችንም ተመለስን። ልጄ ታክሲ ውስጥ የጀርባ ቦርሳዋን አላወልቅም አለች። ማንገቻውን በሁለት እጇ ጨብጣ፣ በመስኮት እያየች፣ ዝም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

የኔንና የባለቤቴን አይቼ ነበር። የልጆቹ አብሮ ስለወጣ አብሮ የሚያልቅ መስሎኝ። በብዙ አገር ግን የአዋቂ ፓስፖርት 10 ዓመት ሲያገለግል የልጅ 5 ዓመት ብቻ ነው። ሕጉም እንደ አገሩ ይለያያል። የሼንገን አገሮች (በአንድ ቪዛ የሚገባባቸው የአውሮፓ አገሮች) ለምሳሌ ከምትወጡበት ቀን በኋላ 3 ወር የሚቀረው ይጠይቃሉ። እባካችሁ ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ቀኑን ቁጠሩ፤ በተለይ የልጆቹን። ልጅ ይዞ የሚሄደው አንድ ወላጅ ብቻ ከሆነ ደግሞ የሌላኛው የፈቃድ ደብዳቤ ሊጠየቅ ይችላል፤ እሱንም ቀድማችሁ ያዙ።

አሁን መሽቷል። የአራታችንንም ማብቂያ ቀን ወረቀት ላይ ጽፌ ቁምሳጥኑ በር ላይ ለጠፍኩ። የሷን በትልቁ። ተኝታለች፤ ቦርሳዋ ግን አልጋዋ አጠገብ እንደታሸገ ነው።